«ሒሳብ ድሮም አይገባኝም» ለምትሉ

ይሄ ጽሑፍ ይረዝማል። ዳታ የሌላችሁ ሴቭ አርጉትና ዋይፋይ ያለበት ስትደርሱ አንብቡት። ለመስደብ የምትቸኩሉም እስከ መጨረሻው አንብባችሁ ስደቡኝ፤ ቅር አይለኝም።

ነገሩ የተነሳው የወላጆች ስብሰባ ላይ ነው። አንድ አባት፣ የተከበሩ ሰው፣ የተማሩ፣ ጥሩ ሥራ ያላቸው፣ ልጃቸው በሒሳብ ከመቶ 23 ማምጣቱን ስነግራቸው ሳቁ። «መምህር፣ እኔም ድሮ ሒሳብ አይገባኝም ነበር። ይኸው አልሞትኩ!» አሉኝ። ከኋላ የተቀመጡት ወላጆችም ሳቁ። ልጁ አጠገባቸው ቆሟል፤ እሱም ሳቀ። ከዚያን ቀን ወዲህ ያ ልጅ በኔ ክፍለ ጊዜ ደብተር እንኳን አያወጣም። ምን ያርግ? ከአባቱ ፈቃድ ተሰጠው እኮ!

እስቲ አስቡት። ለኚያው ሰውዬ «ልጅዎ ማንበብ አይችልም» ብላቸው ኖሮ ይስቁ ነበር? መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣቸው ይመርጡ ነበር። «ማንበብ ድሮም አይሆንልኝም» እያለ ሰው ፊት የሚኩራራ የተማረ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። ሒሳብ ሲሆን ግን እንደ ጀግንነት ይወራል። ቡና ላይ ይወራል፣ ሠርግ ላይ ይወራል፣ ይባስ ብሎ መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ይወራል። የሌላ ትምህርት መምህር የሆነ ባልደረባዬ ተማሪዎች ፊት «እኔ ከሒሳብ ሸሽቼ ነው እዚህ የደረስኩት» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

በነገራችን ላይ አንዳንዶቻችሁ «አንተ ዲፕሎማ ይዘህ ስለ ሒሳብ ምን አገባህ» እንደምትሉ አውቃለሁ። ልክ ናችሁ፣ ያለኝ ዲፕሎማ ነው። የሒሳብ መምህር ስለጠፋ 9ኛ ክፍል ተሰጠኝ፤ ይኸው ዓመታት ተቆጠሩ። ትልቅ የሒሳብ ሰው ነኝ አላልኩም። የምጽፈው በየቀኑ ከ60 ልጆች ፊት ስለምቆም ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በየዓመቱ ፌስቡክ ላይ የምትዞር ቀልድ አለች፤ «ሳይንና ኮሳይን ይዞ ገበያ የወጣ ማን አለ?» የምትል። እኔም ላይክ አድርጌያት አውቃለሁ፣ ልዋሽ አልፈልግም። ከቀልዱ ጀርባ ያለው ጥያቄ ግን ቀልድ አይደለም። ባለፈው ከቦዲቲ መንገድ ወደ ሶዶ ስገባ የተሳፈርኩበትን ባጃጅ የሚነዳው በኢንጂነሪንግ የተመረቀ ልጅ ነው። ካልኩለስ በኤ ነው ያለፈው። ታዲያ እኔ ለ9ኛ ክፍል ልጅ «ሒሳብ ተማር፣ ሰው ትሆናለህ» ስለው፣ ልጁ በመስኮት ያንን ባጃጅ እያየ ነው። የትኛችንን ይመን?

ይሄን ጥያቄ የሒሳብ መምህራን እንሸሸዋለን። እኔ አልሸሸውም። መልሴ ይሄ ነው፦ ልጆቹን ያታለልናቸው እኛ ነን። ሒሳብን እንደ ትኬት ሸጥንላቸው። «ይሄን ካወቅህ ፈተና ታልፋለህ፣ ዩኒቨርሲቲ ትገባለህ፣ ሥራ ታገኛለህ» አልን። ትኬቱ አልሠራ ሲል ዕቃውም ዋጋ አጣ።

ቁጥሩን እንየው፣ መቼም ርዕሳችን ሒሳብ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት የጀመረው በ2014 ነው። በዚያ ዓመት በአገር አቀፍ ደረጃ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2። በ2016 ወደ 5.4 ወጣ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 ሆነ። ተሻሽሏል ይባላል፣ ተሻሽሏል። ግን እኔ እንደ መምህር የማስበው በክፍል ነው። 60 ልጅ ያለበት ክፍል በአማካዩ ቢሄድ፣ በ2014ቱ ቁጥር ሁለት ልጅ ያልፋል፤ በ2017ቱ ቁጥር አምስት። ሒሳብ የሚጠቅመው ፈተና ለማለፍ ብቻ ከሆነ፣ የቀሩትን 55 ልጆች ጊዜ እየሰረቅሁ ነው ማለት ነው። በየሳምንቱ፣ ደሞዝ እየተቀበልኩ። (እሺ፣ ደሞዙ ሁልጊዜ በሰዓቱ ይመጣል አላልኩም።)

ስለዚህ የምከራከረው ለነዚህ ለ55ቱ ነው። ሒሳብ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ዩኒቨርሲቲ ለማይገባው ልጅ ነው። የገባውማ ቢያንስ የሚጠይቀው ሰው አጠገቡ አለ።

አንድ ልጅ ልንገራችሁ። ከሰዓት በኋላ ሊስትሮ ይሠራል፣ ጠዋት ክፍሌ ውስጥ ይቀመጣል። ጫማ እያስጠረግሁ ነው ያገኘሁት። ከኔ በፊት የነበረው ሰውዬ 200 ብር ሰጥቶት፣ የሁለት ጫማ ሒሳብ፣ የአንድ ሶል ማስቲሽ፣ ከዚያ ላይ ያለፈው ሳምንት ዱቤ ተቀንሶ መልስ ሰጠው። ብሩሹን አላቆመም። ወረቀት የለ፣ ስልክ የለ። እኔ በልቤ እየደመርኩ ገና መሀል ላይ ነኝ። በማግስቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ከዚያ የቀለለ ጥያቄ ጽፌ አስነሳሁት። ደረቀ። እጁ ላይ ያለው ጠመኔ ይንቀጠቀጣል። «ቲቸር፣ ሒሳብ አልችልም» አለኝ።

አልችልም! ትናንት ማታ መቶ ሰው ሒሳብ ያወራረደ ልጅ!

ይሄ የወላይታ ጉድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1985 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት አለ፣ ብራዚል ውስጥ ሬሲፌ በምትባል ከተማ የተሠራ። ተመራማሪዎቹ መንገድ ላይ ኮኮናት፣ ሐብሐብ ምናምን የሚሸጡ ጥቂት ልጆችን እንደ ገዢ ሆነው ጠየቋቸው። ልጆቹ ከመቶ 98 ያህሉን በትክክል መለሱ። ከዚያ ያንኑ ስሌት እንደ ትምህርት ቤት አድርገው፣ ቁጥሩን ብቻ በወረቀት ሰጧቸው። ወደ 37 ወረደ። ያው ልጅ፣ ያው ቁጥር! አንዱ ልጅ የ10 ኮኮናት ዋጋ ሲጠየቅ፣ አንዱ 35 ነበር፣ «ዜሮ ጨምር» የሚለውን የትምህርት ቤት ዘዴ ትቶ የሦስቱን ዋጋ 105 ይዞ በሦስት በሦስት እየደመረ 350 ላይ ደረሰ። የኛው ሊስትሮ ማለት ነው።

እንግዲህ ልጁ አንድ ሒሳብ በወላይትኛ ያስባል፣ ሌላ ሒሳብ በእንግሊዝኛ ይገለብጣል። ሁለቱ መሆናቸውን የነገረው የለም፤ አንድ መሆናቸውንም የነገረው የለም። እኔም አልነገርኩትም ነበር።

ቋንቋችን እኮ ያውቃል። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ «ሒሳብ!» ሲል ኪሳችንን እንዳስሳለን። ምሳ በልተን «ሒሳብ አምጪልን» እንላለን። ባንክ ስንሄድ «ሒሳብ ቁጥር» እንጠየቃለን። ያጠፋን ሰው «ሒሳቡን ያገኛል» እንላለን። ሒሳብ ማለት እኛ ጋ የሚከፈል፣ የሚጠየቅ፣ የሚወራረድ ነገር ነው። ትምህርት ቤት በር ላይ ስንደርስ ብቻ «ኤክስን ፈልግ» ይሆናል።

ገና የጊፋታ ሽታ ከቤታችን ሳይወጣ ስለ ቅርጫ ላንሳ። ማኅበርተኛው ዓመቱን ሙሉ ጥቂት ጥቂት እየቆጠበ በሬ ይገዛል፣ በበዓሉ ያርዳል፣ ሥጋው በመደብ በመደብ ይከፈላል። ጎድኑም፣ ሻኛውም፣ ጉበቱም፣ ጨጓራውም ከየመደቡ ይደርሳል። ከዚያ ዕጣ ይወጣል። እዚህ ጋ ቁም በሉኝ። ለምንድነው ዕጣ የሚወጣው? የሚከፍለው ሰው የትኛው መደብ ለሱ እንደሚደርስ ስለማያውቅ፣ አንዱን አሳንሶ ሌላውን ማተለቅ አይጠቅመውም። ማንም ዘበኛ ሳይቆምበት እኩል ለመክፈል ይገደዳል። ሁጎ ሽታይንሃውስ የሚባል ፖላንዳዊ የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1948 ስለ ፍትሐዊ ክፍፍል ጽፎ ጉዳዩን የሒሳብ ጥናት አደረገው፤ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ትምህርት ነው። አባቶቻችን ሥጋው ላይ ይሠሩት የነበረውም የዚያው ዘመድ ነው። እኔ ግን አንድም ቀን ክፍል ውስጥ «ቅርጫ ለምን ፍትሐዊ ሆነ?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም ነበር። የሦስት ወንድማማቾች ኬክ ነበር የማካፍላቸው። ኬክ! ስንቱ ተማሪዬ ቤት ነው ኬክ የሚቆረጠው?

«ሒሳብ የፈረንጅ ነው» ለሚሉ ደግሞ፣ ፈረንጆቹ ራሳቸው «የኢትዮጵያ ማባዛት» ብለው የሚጠሩት ዘዴ አለ። ብዜት ቃል ያልያዘ ሰው በማጋመስና በእጥፍ ብቻ ያባዛል። 13 ሲባዛ በ24 እንበል። 13ን በግማሽ በግማሽ አውርዱ፣ ትርፉን ጣሉት፦ 13፣ 6፣ 3፣ 1። 24ን በእጥፍ በእጥፍ አውጡ፦ 24፣ 48፣ 96፣ 192። በግራ ጎዶሎ ካልሆነው ቁጥር፣ ማለትም ከ6 ፊት ለፊት ያለውን 48 ሰርዙ። የቀረውን ደምሩ፦ 24 እና 96 እና 192፣ 312። በስልካችሁ አረጋግጡ። የጥንት ግብፆችም በእጥፍ ነበር የሚያባዙት፤ ኮምፒውተር ውስጥ ያለው የአንድና የዜሮ ቁጥርም የዚሁ ዘመድ ነው። ለምን እንደሚሠራ ለማወቅ የፈለገ ይቀመጥና ያስብ፤ አልነግራችሁም።

አሁን የሚያመኝ ቦታ ላይ ደረስኩ።

አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ባጃጅ ተከራይቶ ይሠራል። የዕለቱን ለባለቤቱ ይከፍላል፣ የተረፈውን ለራሱ። ሲያየኝ ያቆምልኛል፣ «ቲቸር፣ ሒሳብ አይክፈሉ» ይለኛል። አንድ ቀን ፊቱ በርቶ ስልኩን አሳየኝ። የኳስ ውርርድ ኩፖን ነው። «ስምንት ጨዋታ ነው ቲቸር፣ ሁሉም ትልልቅ ቡድን ነው፣ ይሄ እርግጠኛ ነው። በ50 ብር ከሺህ በላይ!» አለኝ።

ጥላ ስር አቆምነውና ወረቀት አወጣሁ። የእያንዳንዱ ጨዋታ ኦድ 1.50 ገደማ ነው። 1.50ን ስምንት ጊዜ ስናባዛው 25.6 ይመጣል፤ በ50 ብር 1,281 ብር። እስከዚህ ልጁ ያውቃል፣ ስልኩም ይነግረዋል። ስልኩ የማይነግረው ሌላኛው ጎን ነው። ኦዱ 1.50 ሲሆን፣ ቤቱ ምንም ሳያተርፍ ቢሆን ኖሮ ያ ቡድን ከ100 ጊዜ 67 ያህሉን ያሸንፋል ማለት ነበር። ቤቱ ግን ለጽድቅ አልተከፈተም። ስለዚህ የእውነቱ ዕድል ትንሽ ዝቅ ይላል፤ 63 እንበል። የኔ ግምት ነው፣ ለልጁ አድልቼ ነው የያዝኩት። አሁን ሁለቱም ጨዋታ እንዲሳካ፣ 63 ከመቶ የ63 ከመቶ፣ ወደ 40 ይወርዳል። አራቱም እንዲሳካ ወደ 16። ስምንቱም እንዲሳካ ሁለት ተኩል። ከ100 ኩፖን ሁለት ወይም ሦስት!

«እሺ 100 ኩፖን ብትቆርጥስ?» አልኩት። 5,000 ብር ታወጣለህ። ሁለት ተኩል ጊዜ 1,281 ብር፣ 3,200 ገደማ ታገኛለህ። 1,800 ብር ሄደ። ያውም መጥፎ ዕድል ሳይገጥምህ፣ በልኩ ሲሄድልህ ነው። ጨዋታ በጨመርክ ቁጥር ሽልማቱ ይተልቃል፣ የቤቱ ድርሻም አብሮ ይተልቃል። ለዚህ ነው ብዙ ጨዋታ እንድትደረድር የሚያባብሉህ።

ዝም አለ። ወረቀቱን አየ። ከዚያ በጣም ቀስ ብሎ፣ ሳይቆጣ፣ «ቲቸር፣ ይሄን ክፍል ውስጥ ለምን አልነገሩንም?» አለኝ።

ቤቴ ሄጄ የ9ኛ ክፍል መጽሐፍ ገለጥኩ። ፕሮባቢሊቲ አለ። ወደ መጨረሻው ነው ያለው። ሰኔ ሲደርስ፣ ዝናብ ሲጀምር፣ ልጆች ለፋይናል ሲበተኑ፣ «ፖርሽን አልቋል» ብለን የምንዘለው ምዕራፍ። እኔ ያንን ልጅ ባስተማርኩበት ዓመት አልደረስንበትም ነበር። ከሱ በፊት በነበረውም ዓመት አልደረስንም። ልጁ ከትምህርት ቤት በር ወጥቶ መጀመሪያ የሚያገኘው የውርርድ ኩፖን ነው፤ ከኩፖኑ የሚጠብቀውን ምዕራፍ ግን እኛ ጊዜ አጥተን ዘለልነው። ለምን ጊዜ አጣን? ሰት ላይ ሦስት ሳምንት ስለቆየን። ፈተና ላይ ስለሚመጣ።

እዚህ ላይ የሒሳብ መምህራን ወዳጆቼ ትቆጡኛላችሁ። ተቆጡ። ልጆቹ ሒሳብ ለምን ይጠቅማል ሲሉን «ወደፊት ታውቁታላችሁ» እንላለን፣ ምክንያቱም እኛም አናውቅም። ይባስ ብሎ ሒሳብን መቅጫ አደረግነው። እኔ ራሴ የፈተና ወረቀት ስመልስ ከትልቁ ወደ ትንሹ እየጠራሁ፣ ውጤቱን ጮክ ብዬ እያነበብኩ ነበር የምመልሰው። መጨረሻ የሚጠሩት ልጆች አንገታቸውን ደፍተው ሲመጡ ይታየኛል። ያኔ ማበረታታት መስሎኝ ነበር። ይሄን የምታነቡ፣ መጨረሻ የጠራኋችሁ ካላችሁ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። ያ የወላጆች ስብሰባ ላይ የሳቁት አባትም ምናልባት የሆነ መምህር መጨረሻ ሲጠራቸው ኖሮ ይሆናል። ሳቃቸው የሕመም ይሆናል። ግን ሕመማቸውን ለልጃቸው አወረሱ፤ ይሄን አልምራቸውም።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሆነ ልጅ እናት፣ ቅቤ ነጋዴ፣ ችግር ገጥሟቸው 10,000 ብር በአራጣ ተበደሩ። «በወር አስር ፐርሰንት ብቻ ነው» ተባሉ። በወር ሺህ ብር፣ በዓመት 12,000፣ ከነዋናው 22,000 ብለው አሰቡ። ይሄ ራሱ ጭካኔ ነው፣ ግን አስበውበት ገቡ። ያልነገሯቸው፣ ያልተከፈለው ወለድ በዋናው ላይ እየተደመረ ወለዱ ራሱ እንደሚወልድ ነው። 1.1ን በራሱ 12 ጊዜ አባዙት፤ 3.138 ይመጣል። 10,000ው በዓመቱ 31,384 ብር ሆነ። በሳቸው አሳብና በእዳው መካከል 9,384 ብር አለ። ስንት ኪሎ ቅቤ ነው? አስቡት።

ልጃቸው በዚያው ዓመት ደብተሩ ላይ ጂኦሜትሪክ ሲኩዌንስ እየተማረ ነበር። ቀመሩን በቃሉ ያውቀዋል። ፈተና ላይ መጥቶለትም ሠርቶታል። እናቱ አልጠየቁትም፣ ምክንያቱም የትምህርት ቤት ሒሳብ ነው ብለው። እሱም አላሰበም፣ ምክንያቱም የገበያ ጉዳይ ነው ብሎ። አበዳሪው ብቻ ሁለቱንም ያውቅ ነበር።

ወዳጆቼ፣ እኔ የምለው ይሄን ነው። የገበያውን ሒሳብ ከትምህርት ቤቱ ሒሳብ ለይተን ባስቀመጥን ቁጥር፣ መሀል ያለውን ክፍተት የሚያውቅ ሰው እዚያ ቆሞ ይበላናል። ያ ሰው አራጣ አበዳሪ ሊሆን ይችላል፣ ኩፖን ሻጭ ሊሆን ይችላል፣ «ሦስት ሰው አስገባ፣ እነሱም ሦስት ሦስት ያስገቡ» የሚል ባለ ከረባት ሊሆን ይችላል። (ሦስት ሦስት እያለ 17ኛው ዙር ላይ ሲደርስ አዲስ ገቢው ከ129 ሚሊዮን ሰው ይበልጣል። የወላይታን ሕዝብ ሁሉ ቢያስገቡ አይበቃም፤ ያውም ሕፃናቱን ቆጥረን።)

ዘንድሮ መስከረም ላይ ፕሮባቢሊቲን መጀመሪያ ማስተማር ጀመርኩ። «ፖርሽኑን ገለበጥክ» ተብዬ ተጠርቻለሁ። ማስረዳት ሞክሬያለሁ፤ ገና አላለቀም፣ ምን እንደሚወሰንብኝ አላውቅም። ሰትን ኅዳር ላይ እደርስበታለሁ፣ አይሸሽም። የመጀመሪያው የቤት ሥራ እንዲህ ነበር፦ ቤታችሁ ሄዳችሁ እናታችሁን ስለ ዕቁቧ ጠይቁ። ሃያ ሰው፣ በሳምንት ሺህ ብር፣ መጀመሪያ የወጣላትና መጨረሻ የወጣላት ሁለቱም 20,000 ይወስዳሉ። እኩል ናቸው ወይ? ዕጣዋን በ19,000 የሸጠች ሴት ምን ያህል ወለድ ከፈለች? ልጆቹ በማግስቱ ሲመጡ ክፍሉ ገበያ ሆነ። ሊስትሮው ልጅ ሳይጠራ ተነሳ። እናቱ ሁለት ጊዜ ዕጣ እንደሸጡ፣ ስንት እንደተቀነሰባቸው፣ የገዛቸው ሴትዮ ስንት ሳምንት እንደጠበቀች በወላይትኛ ተናገረ፤ እኔ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩለት። ጠመኔውን ግን አልያዘም። ለሚቀጥለው።

ባጃጅ የሚነዳው ልጅ መወራረድ አልተወም፣ ተወ ብዬ አልዋሽላችሁም። «ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነው ቲቸር፣ በ20 ብር፣ ለመዝናኛ» ይለኛል። ባለፈው ሳምንት ግን ከመናኸሪያው ወደ ላይ ስንወጣ ወደኋላ ሳይዞር «ያ የ9ኛ ክፍል መጽሐፍ አለዎት እንዴ?» አለኝ። አመጣለታለሁ ብያለሁ። ስወርድ 50 ብር ሰጠሁት፤ በዚህኛው ቀን ሒሳቡን ተቀበለ።